በመስመር ሁለት ሺህ ፔሶ

እዚህ ገጽ ሲሠራ ዜና አይቀድምም፤
መጀመሪያ ሣጥን ይሰመራል፦ ለመኪና፣ ለባንክ፣ ለቢራ፣ ለአልጋ፤
ከዚያ ሁሉ የተረፈችው ቀዳዳ ናት
እውነት የምትባለው፣ በስንዝር ተለክታ በገመድ የምትጠጋ።

ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህች መስኮት ሥር ተቀምጫለሁ፤
የሚከራይ ቤት፣ የጠፋ ውሻ፣ ያገለገለ ፍሪጅ እመዘግባለሁ፤
ሙታንንም እመዘግባለሁ።
በመስመር ሁለት ሺህ ፔሶ። መስቀሉ በነጻ፤ ለፎቶ እጥፍ አስከፍላለሁ።

የድሮው ባለቤት ዶን ኤራስሞ ተበደረ፤ ብድሩ ወልዶ፣
የወለደውም ተዋልዶ፣
ጋዜጣችንን ከነስሙ፣ ከነማተሚያው
ገዛው የመዳቡ ኩባንያ።
አይ፣ እሱ እንኳ አይደለም፤ የኩባንያው እህት ኩባንያ፤
ስሟን ስትጠራው ምላስህ ይደክማል፤ የተሰየመችው ለዚያ።

ማንም መጥቶ አልጮኸብንም። "ይህን አትጻፉ" ያለ የለም።
ወንበር ተቀየረልን። አየር ማቀዝቀዣ ገባ።
የኋላ ሽፋኑ ዓመቱን ሙሉ ተከፈለበት፣ በሙሉ ቀለም፦
ፈገግ ያለ ሕፃን፣ በእጁ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣
ከሥሩ "መዳብ ሕይወት ነው" የሚል፤ በዚህ ሁሉ በረሃ።

ማካሬና ግን ውሃውን ራሱን ይዛ መጣች፤
ከላይኛው መንደር ቧንቧ በሰባት ጠርሙስ ቀድታ፣
በገዛ ደሞዟ አስመርምራ፦ አርሴኒክ፣ ቁጥሩ ከነነጥቡ፣ ፊርማው ከነማኅተሙ።
ዘጠኝ መቶ ቃል ጻፈች።
አዘጋጁ ኖልቤርቶ ሁለቴ አነበበው፤ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣
"ጥሩ ነው" አለ፣ "በጣም ጥሩ"፤ ከዚያ መሳቢያው ውስጥ አደረገ።

ማክሰኞ፣ "ሌላው ወገን ይጠየቅ"፤ ተጠየቀ፤ መልስ የለም።
ሐሙስ፣ "ጠበቃ ይየው"፤ ጠበቃው የማን እንደሆነ የጠየቀ የለም።
ዓርብ ስድስት መቶ ቃል ሆነ፤ ቅዳሜ ሁለት መቶ፤
እሑድ ወጣ፣ ገጽ አሥራ ዘጠኝ፣ ከኮከብ ቆጠራው ሥር ገብቶ፦
"በላይኛው መንደር የውሃ ጥናት ሊደረግ ነው።"

ኖልቤርቶን አልኮንነውም፤ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ልጅ አለው፤
እኔም የደም ግፊቴን መድኃኒት የምገዛው በዚያው ደሞዝ ነው።
ከላይ ደውለውለት ይሆናል ብዬ ነበር፤ ኋላ የገባኝ የባሰው፦
ስልኩ ጭራሽ አልጮኸም፤ በጆሮው ውስጥ ነው የሚደወለው።

አንድ ጠዋት፣ ካማንቻካ የሚሉት ጉም ከባሕር ወጥቶ መንገዱን ሲውጥ፣
ኦቲሊያ መጣች፣ ብሯን በመሐረብ ቋጥራ።
"የሴጉንዶን ሞት ላሳውቅ።"
"ስንት መስመር?"
"አሥራ አንድ።"
ለከንቲባው አባት እንኳ ሰባት ነበር። "ይበዛብሻል" አልኳት።
"እሱ" አለች፣ "መስመር ሲዘረጋ አልሰሰተም።"

"ሴጉንዶ ቾኬ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት፣ የቧንቧ ሠራተኛ፤
የላይኛውን መንደር መስመር በገዛ እጁ የዘረጋ፤
ከዘረጋው የጠጣ።
ፊኛው ላይ ነቀርሳ ወጣ።
ሐኪሙ ከውሃው ነው አለ፤ በወረቀት ግን አልሰጠንም።
ከእሱ በፊት ጎረቤቱ ሄደ፤ ማንም አልጻፈለትም።
ከጎረቤቱ በፊት የጎረቤቱ ሚስት፤
ስሟን ታውቁታላችሁ።
ውሃው ዛሬም ይወርዳል።
ቀብር ነገ በዐሥር ሰዓት።
የምትጠጡትን ይዛችሁ ኑ።"

ዜና ቢሆን አዘጋጁ ያየዋል፣ ጠበቃው ያየዋል።
ይህ ግን የተከፈለበት ነው፤ ማስታወቂያ ነው፤
ማስታወቂያን ደግሞ እዚህ ቤት የሚነካው የለም።
ሁለት ነጠላ ሰረዝ አስተካክዬ ደረሰኝ ቆረጥኩ። ሃያ ሁለት ሺህ።
ልክ ነበር፤ ቤቷ ቆጥራው ነው የመጣችው።

ሰኞ መስኮቴ ፊት ሰልፍ ነበር፤
የአምናውን ሙት የያዘ፣ የካች አምናውን የያዘች፤
ማካሬና መጨረሻ ላይ ቆማ የጎደለበትን ትሞላለች።

በወሩ ማብቂያ ሒሳብ ክፍል ደብዳቤ ጻፈልኝ፦
የሙታን ገጽ ገቢ ሦስት እጥፍ አድጓል፤ ምስጋና ይገባሻል፤
ግማሽ ገጽ ተጨምሮልሻል።
ለዚያ ሲባል ኮከብ ቆጠራው ተነሣ።